አክሊሉ በሕግ ለሮጠ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት፥ በምዕራፍ 2 በቁጥር 5፥ ለውድድር የተሰለፈ ሰው የውድድሩን ሥርዓት ካልጠበቀ ሽልማት እንደሌለው ያስተምራል። ሐዋርያው ይህን የጻፈው በእስር ቤት ሆኖ፥ ዕረፍቱ እንደ ቀረበ ዐውቆ ነው። ሞት በደጁ ቆሞ ሳለ ለመንፈሳዊ ልጁ የሚተወውን ምክር ሲመርጥ፥ ከንጉሥ ዙፋን ምሳሌ አልወሰደም፤ ከሯጭና ከታጋይ ወሰደ እንጂ። ይህ በከንቱ የተደረገ አይደለምና ምክንያቱን መመርመር ይገባናል።

ሐዋርያው በቆሮንቶስ ከተማ አንድ ዓመት ከስድስት ወር እንደ ተቀመጠ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። በቆሮንቶስ አቅራቢያ፥ በሁለት ባሕሮች መካከል ባለው ጠባብ ምድር፥ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የውድድር በዓል ይደረግ ነበር። የአሸናፊው ዋጋ ከጥድ ቅጠል የተጐነጐነ አክሊል ነበረ፤ ይህም በጥቂት ቀን የሚደርቅ ነው። እንግዲህ ቅዱስ ጳውሎስ ስለሚጠፋውና ስለማይጠፋው አክሊል ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈ ጊዜ፥ በዓይናቸው አይተው በሚያውቁት ነገር አስተማራቸው ማለት ነው።

በኦሊምፒያም የሚወዳደሩት ሰዎች ዐሥር ወር ሙሉ እንደ ተለማመዱና በውድድሩ ተንኰል እንደማይሠሩ አስቀድመው ይምሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት 388 ዓመት በፊት አንድ ቡጢኛ ተጋጣሚዎቹን በገንዘብ ገዝቶ በተገኘ ጊዜ፥ ከመቀጮው ገንዘብ የነሐስ ምስሎች ተሠርተው ወደ ሜዳው በሚያስገባው መንገድ ዳር ተተከሉ፤ ይኸውም የሚገባው ሁሉ አይቶ እንዲፈራ ነው። ምስሎቹ የጣዖት ምስሎች ነበሩና ጠፍተዋል፤ የቆሙበት የድንጋይ መሠረት ግን ዛሬም በቦታው ይታያል። እውነተኛውን አምላክ ያላወቁ ሰዎች ስለ ቅጠል አክሊል ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፥ የሕይወትን አክሊል ተስፋ የምናደርግ እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

ከወንድሞቼ ካህናት አንዳንዶቹ፥ «ሩጫ የዚህ ዓለም ከንቱ ነገር አይደለምን? ካህን ስለ ሯጮች ምን አገባው?» ይሉኛል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 8 ሥጋን ማስለመድ ጥቅሙ ጥቂት እንደ ሆነ መናገሩንም ያስታውሱኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐዋርያው ጥቅሙን ጥቂት አለው እንጂ ምንም አላለውም። ጥቂቱ ወደ ብዙው የሚያደርስ መሰላል ሊሆን ይችላልና። ደግሞም ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳንን ታሪክ በምን ስም እንደምትጠራው እናስተውል፤ «ገድል» ብላ ትጠራዋለች። ገድል ማለት ትግል፥ ተጋድሎ፥ ውድድር ማለት ነው። የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ገድል፥ የአባታችን የገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል ስንል፥ በሜዳ የሚታገለውን ሰው ቃል ለቅዱሳን መስጠታችን ነው። በተክሊል ለሚጋቡ ሙሽሮችም በራሳቸው ላይ አክሊል እንደፋለን። ስለዚህ የሩጫና የአክሊል ነገር ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ አይደለም፤ ከቤታችን የኖረ ቃል ነው።

እኔም በበኩሌ ሯጮችን አደንቃለሁ። ለኪዳን ጸሎት በማለዳ ስወጣ፥ በእንጦጦ መንገድ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፥ ወጣቶች ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተከታትለው ሲሮጡ አያለሁ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መልሰው ያማትባሉ፤ እግራቸው ግን አያቋርጥም። በዚያ ሰዓት የሚያያቸው ሕዝብ የለም፤ የሚያጨበጭብላቸው የለም፤ ስማቸውንም የሚጠራ የለም። ዓለም የሚያየው በአደባባይ የሚሮጡትን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ሁለት ሰዓት ግን በብዙ ሺህ የጨለማ ማለዳ የተገዛ ነው።

ይህን ባየሁ ቍጥር የቆሎ ተማሪነት ዘመናችን ትዝ ይለኛል። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ ውሻ እየከላከልን በየደጁ ለምነን የተማርን ሰዎች የረጅም መንገድን ነገር እናውቀዋለን። ዳዊት ደግሞ፥ ጾመ ድጓ ተምሮ፥ ቅኔ ቆጥሮ፥ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚደርስ ሰው የሚያጠፋው ዓመት ጥቂት አይደለም። ከቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ሕግ ነበረ፤ ሌላው የተቀኘውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍር ነበር። ቅኔው ያማረ ቢሆንም ዋጋ አልነበረውም፤ ያልደከመበት ነውና።

እንግዲህ ትዕግሥት ማለት መከራን መቀበል ብቻ አይደለም። ሌባም በሌሊት ብርድ ይታገሣል፤ ጉቦ የሚፈልግም ሰው በደጅ ጥናት ይታገሣል። ትዕግሥት ምግባር የሚሆነው በቀናው መንገድ ላይ ሲሆን ነው። ሐዋርያው ድካምንና ሕግን በአንድ ቃል ያሰራቸው ስለዚህ ነው።

የዚህንም ምሳሌ ከአገራችን ልጅ ከአበበ ቢቂላ እናገኛለን። ዘመኑን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እነግራችኋለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ፥ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን የማራቶን መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ሩጫው በምሽት ስለ ነበረ መንገዱን ችቦ የያዙ ወታደሮች ያበሩለት ነበር። በዚያ መንገድ ዳር፥ ፋሽስት ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት በዚያን ዘመን ቆሞ ነበር፤ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የሩጫውም መጨረሻ በቈስጠንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ ነበር፤ ይኸውም የመስቀልን ምልክት አይቶ ድል ያደረገው፥ እናቱ ንግሥት እሌኒ ቅዱስ መስቀሉን ያወጣችልን ንጉሥ ነው።

አስተውሉ፤ አገሩን የወረሩት ሰዎች ከተማ የደረሰ ያ ወታደር የተሸከመው ቂም ቢኖር ማንም ባልፈረደበት ነበር። ነገር ግን ከሁሉ ጋር በአንድ መስመር ቆመ፤ በአንድ ምልክት ተነሣ፤ እንደ ሌሎቹ አንዲት ክንድ ሳትጐድል ያችኑ መንገድ ሮጠ። ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም ቀድሞ የገባው በ25 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ያሸነፈው ማንንም በድሎ ስላልሆነ፥ የሮም ሕዝብ ራሱ አጨበጨበለት። ጦር ያላስገኘውን ክብር ሕግን የጠበቀ ሩጫ አስገኘ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፥ ውድድሩ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ሳለ፥ ሁለተኛ ድል አደረገ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ከመንገድ ወጣ፤ አክሊሉንም ወንድሙ ማሞ ወልዴ ተቀበለ። በዚያው በ1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። ዓለምን ያስደነቁ እግሮች ዳግመኛ አልሄዱም። እርሱ ግን አልተማረረም፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ለመወርወር ተሰለፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ፥ ሲሰጠው የተቀበለውን ጸጋ ሲወሰድበትም በትዕግሥት ተሸከመ። እኔ ከሮሙ ድል ይልቅ በወንበር ላይ ያለው አበበ ይበልጥ ያስተምረኛል።

ስለ ሕጉ ደግሞ እንናገር። ሩጫን እንዳደንቅ የሚያደርገኝ ነገር ቢኖር፥ በዚህ ዓለም ካሉት ሥራዎች ሁሉ አድልዎ እምብዛም የማይገባበት መሆኑ ነው። በመስመሩ ላይ የጌታ ልጅና የድኻ ልጅ እኩል ይቆማሉ። መንገዱ ለማንም አያጥርም፤ ሰዓቱ ለማንም አያዳላም። በአርሲ በበቆጂ የገበሬ ቤት ያደገች ልጅ ከታላላቅ መንግሥታት ልጆች ጋር በአንድ ሚዛን ትመዘናለች።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፥ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ዕለት፥ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭዋ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ኤላና ማየር ነበረች፤ አገርዋም በቀለም ልዩነት ሥርዓትዋ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተለይታ ከኖረች በኋላ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበር። ደራርቱ ቀድማ ከገባች በኋላ ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቅፈውም፥ ጥቁሪቱና ነጪቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዚያው በ10,000 ሜትር የቀደመው በአንድ ሴኮንድ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ብቻ ነው፤ ይህ ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ጊዜ ነው። ሆኖም ሁለቱ በወዳጅነት ኖሩ። በሕግ የተሸነፈ ሰው ቂም አይይዝም፤ የተወሰደበት ነገር የለምና።

ኅዳር 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ በእስፓንያ አገር በቡርላዳ በተደረገ የአገር አቋራጭ ሩጫ፥ ይመራ የነበረው ኬንያዊው አቤል ሙታይ የፈጸመ መስሎት መጨረሻው ሳይደርስ ቆመ። ከኋላው የነበረው የአገሩ ተወላጅ ኢቫን ፌርናንዴስ አናያ አልፎት መግባት ሲችል፥ ቋንቋ ባይግባቡም በእጁ እያመለከተ ወደ መስመሩ መራው፤ ራሱም ሁለተኛ ሆኖ ገባ። በዳኞች መጽሐፍ ዘንድ ቢቀድመው ጥፋት አይባልበትም ነበር። በልቡ የተጻፈው ሕግ ግን ከዳኞች መጽሐፍ ይበልጥ ጥልቅ ነበረ።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወዳነሣሣኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሯጭ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ተሳልሞ በዛፍ ሥር ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ከገጠር ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ አባቱ አርፈዋል፥ እናቱና ታናናሾቹ የእርሱን እጅ ይጠብቃሉ። «አባቴ» አለኝ፥ «ጕልበት የሚጨምር መርፌ አለ ይሉኛል። ያልወሰደ ወደ ኋላ ይቀራል ይሉኛል። ሌሎች ወስደው ከሆነ እኔ ብወስድ ማንን በደልሁ? የምፈልገው እናቴን ለመጦር ነው» አለኝ። ይህን የነገረኝ በንስሓ ሳይሆን በጥያቄ ነው፤ ሌሎች እንዲማሩበት ስሙን ሳልጠራ ብጽፈው እንደሚወድም ነግሮኛል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆዱ የሞላ ሰው ለተራበ ሰው በችኰላ አይፍረድ። እኔም እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፥ ባለ መድኃኒቶች እንደሚያስረዱት ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ፥ ኢፒኦ የሚባለው፥ የደምን ቀይ ሕዋስ ያበዛል። በከፍታ ያለው ስስ አየር በዓመታት ልምምድ ለሰውነትህ ቀስ አድርጎ የሚሰጠውን፥ እርሱ በስርቆት ያመጣዋል። ደምንም ያወፍራል፤ የረጋ ደም ልብንና አእምሮን መትቶ ይገድላል። እናትህን ልትጦር ወጥተህ ልጅ አልባ ታስቀራት ይሆናል።

«ነገር ግን ባይገድልህም፥ ባትያዝም፥ ነገሩ ያው ነው። ማንን በደልሁ ላልኸኝ፥ በጨለማ ተነሥቶ እንደ አንተ የሮጠውን፥ እርሱም እንደ አንተ እናት ያለችውን፥ መርፌውን እንቢ ያለውን ልጅ በድለሃል። የእርሱን እናት እንጀራ ለእናትህ ማቅረብህ ነው። ሌሎች ወስደዋል ማለትም ምክንያት አይሆንህም፤ ገበያው ሁሉ በሐሰት ሚዛን ቢመዝን የአንተ ሚዛን እውነተኛ አይሆንም። ደግሞም ሜዳልያውን አንገትህ ላይ ባጠለቅኸው ጊዜ፥ የሮጠው ማን እንደ ሆነ አንተ ታውቃለህ። እግዚአብሔርም ያውቃል።»

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መሬት ሲያይ ቈየ። ከዚያም ተነሥቶ ተባርኮ ሄደ። መርፌውን አልወሰደም። ወደ ውጭ አገር የሚያስሄድ ዕድልም በዚያ ዓመት አላገኘም። እውነትን ሲመርጥ ወዲያው ተሸለመ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልሆነም። ከሰዓት በኋላ በሰው ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል፤ በማለዳ ዛሬም ይሮጣል። አጥቢያችን እናቱን እንዲያስብ ለሰበካ ጉባኤው አመልክቼ፥ ጥቂት እርዳታ ተደርጎላቸዋል። «አትስረቅ» ብሎ ለተራበ ሰው የሚያስተምር ካህንና ምእመን፥ ከእንጀራው ቈርሶ ካልሰጠ ትምህርቱ ጐዶሎ ነውና።

አሁን ደግሞ፥ ወንድሞቼ፥ ሯጮቹን ትተን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አንዲት ሴት የማራቶኑን መጨረሻ ቀድማ አልፋ የቅጠል አክሊል ተደፋላት። ኋላ ግን ሙሉውን መንገድ እንዳልሮጠች፥ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከዳር ዘልቃ እንደ ገባች ተረጋገጠ፤ ድሉም በእውነት ለሮጠችው ለካናዳዊቱ ለዣክሊን ጋሮ ተመለሰ። ይህን ሰምተን እንስቃለን። ነገር ግን መንገዱን ሳይሮጥ ከመጨረሻው ላይ የሚገባ ሰው በመካከላችን የለምን?

ዳዊት ሳይዘልቅ በዘመድ ወይም በእጅ መንሻ ክህነት የሚፈልግ ሰው ከዳር ዘልቆ የገባ ነው። መጽሐፍ ሳይመረምር የመምህርነት ስም የሚሸከም፥ ከዳር ዘልቆ የገባ ነው። ደክሞ ያገለገለውን ወንድሙን አስነሥቶ በአማላጅ የሚሾም አስተዳዳሪ፥ የሌላውን አክሊል በራሱ ላይ የደፋ ነው። የጓደኛውን ወረቀት ገልብጦ የሚያልፍ ተማሪ፥ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ደባልቆ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ፋይል ደብቆ ጉቦ የሚጠብቅ ጸሓፊ፥ ሁሉም የዚያች ሴት ባልንጀሮች ናቸው። ጾሙን በሰው ፊት ጾሞ በስውር የሚበላም እንዲሁ ነው። ዳኛው ዛሬ ባያይ፥ መንገዱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚያይ ሌላ ዳኛ አለ። በቦስተን እውነቱ ለመገለጥ የወሰደው ስምንት ቀን ነው፤ በእኛ ዘንድ ዕድሜ ልክ ሊቈይ ይችላል፤ ሳይገለጥ ግን አይቀርም።

ይህንም ስንል የምድሩ ሩጫና የሰማዩ ሩጫ በአንድ ነገር እንደሚለዩ አንርሳ። በምድር ሩጫ ብዙዎች ይሮጣሉ፥ አክሊሉን የሚቀበለው ግን አንድ ነው። በሰማዩ ሩጫ የባልንጀራህ መድረስ ከአንተ የሚወስደው ነገር የለም፤ ስለዚህ የወደቀውን ማንሣት የሩጫው ክፍል ነው። በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ ባሸነፈበት በዚያው ማራቶን፥ የታንዛንያው ጆን ስቲፈን አክዋሪ በመንገድ ወድቆ ጕልበቱ ቆስሎ፥ በፋሻ ታስሮ እያነከሰ፥ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ ዘግይቶ መጨረሻ ሆኖ ገባ። ሜዳልያ አልተሰጠውም። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን እንደ እርሱ ያለ ሯጭ አክሊሉን አያጣም፤ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡትን ሠራተኞች እንደ ፊተኞቹ የከፈለ ጌታ፥ ዘግይቶ የደረሰውን ስለ ዘገየ አይመልሰውም። የሚመልሰው ሌላውን ገፍቶ የደረሰውን ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ሩጡ፤ በእውነትም ሩጡ። ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ሲመለሱ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ «እንዴት ሮጥህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካህናት ሆይ፥ እኛ በመቅደሱ መንገድ የምንሮጥ ሯጮች ነን፤ ሕዝቡ እግራችንን ይመለከታል። የደከመው ይበርታ፥ የወደቀው በንስሓ ይነሣ፥ ከዳር የገባም ወደ መነሻው ተመልሶ መንገዱን ከመጀመሪያው ይሩጥ፤ በሩ ገና አልተዘጋምና። የሃይማኖታችን ጀማሪና ፈጻሚ የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፥ መስቀሉን ተሸክሞ ቀራንዮ የደረሰው እርሱ፥ ሩጫችንን በትዕግሥትና በሕግ ያስፈጽመን፤ ከሰማዕታትና ከተጋዳዮች ጋር የማይጠወልገውን አክሊል ያቀዳጀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።